ሕጉ አንድ ፤ ኬላው ብዙ

«እንደ አገሩ ይኖሯል ፤ እንደ ወንዙ ይሻገሯል» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ምሳሌ እንግዳ ሰው በደረሰበት አገር ልማድ እንዲተዳደር ፤ የማያውቀው ወንዝ ሲያጋጥመውም ጥልቀቱን ሳይለካ ዘሎ እንዳይገባ የሚያስተምር ነው። ስለ ምግብ ፤ ስለ ልብስ ፤ ስለ ሰላምታና ስለ ለቅሶ ሥርዓት ከሆነ ምክሩ የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ይህ ምሳሌ የመኪና ነጂ መመሪያ ሆኖ ፤ ነጂው ሕግን እንደ ወንዝ በየደረሰበት ሥፍራ በበትር እየለካ የሚሻገረው ከሆነ ነገሩ ከምሳሌነት አልፎ ወደ ጉዳት ይደርሳል። ወንዝን ተፈጥሮ በየአገሩ ልዩ ልዩ አድርጋዋለች ፤ ሕግን ግን ሰዎች የሚያወጡት ለሁሉም እኩል ጥልቀት እንዲኖረው ብለው ነው።

ዛሬ በዚህ ገጽ ላነሣው የፈለግሁት የመኪና መቀጫ ነገር ነው። ብዙ ሰው ይህን የሾፌሮች ጉዳይ ብቻ አድርጎ ይቈጥረዋል። መኪና የሌለው ተማሪ ወይም ደመወዙ ከታክሲ የማያልፍ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ «እኔን ምን አገባኝ?» ሊል ይችላል። ዳሩ ግን የሕግ ፍሬ የሚታየው በትልልቁ የፍርድ አደባባይ ብቻ አይደለም። አብዛኛው ሕዝብ ዳኛ ፊት ሳይቆም ዕድሜውን ይፈጽማል ፤ ከመንግሥት እጅ ጋር ዕለት ዕለት የሚገናኘው በመንገድ ዳር ነው። ስለዚህ ሕጋችን ለሁሉ እኩል መሆኑንና አለመሆኑን ለመመርመር የፈለገ ሰው የሕግ መጻሕፍትን ከማገላበጡ በፊት አንድ ቀን ከሾፌር አጠገብ ተቀምጦ ቢውል ብዙ ነገር ይማራል።

በመጀመሪያ ሕጉ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የመንገድ ትራፊክ ቁጥጥርን የሚመለከት ደንብ ቁጥር 208 አወጣ። ይህ ደንብ በ2009 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 395 ተሻሻለ ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መቀጫውን ከፍ ያደረገ አዲስ ደንብ ፤ ቁጥር 557 ፤ ወጣ። በ2003 የተጀመረው አሳብ በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው ፤ የነጂው ጥፋት እንደ ክብደቱ በየእርከኑ ይመደባል ፤ ለየእርከኑም የገንዘብ መቀጫ ይወሰናል ፤ ከገንዘቡ ሌላ የጥፋት ነጥብ በስሙ ይመዘገብበታል ፤ ነጥቡ ሲጠራቀም መንጃ ፈቃዱ እስከ መታገድ ይደርሳል። ደንቡ የወጣው ለመላው አገር ነው። ቀበቶ ላላሰረ ነጂ በአዲስ አበባ ይህን ያህል ፤ በደሴ ደግሞ ያን ያህል የሚል ቃል የለበትም።

ይሁንና ደንብ ራሱ መንገድ ላይ ወጥቶ መኪና አያስቆምም። የሚያስቆመው ሰው ነው። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ክልሎችን የሚያገናኙትን አውራ መንገዶች በአንቀጽ 51 ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቶ ፤ በአንቀጽ 52 ደግሞ እያንዳንዱ ክልል የራሱን ፖሊስ አቋቁሞ እንዲያስተዳድርና በክልሉ ውስጥ ጸጥታን እንዲያስከብር ሥልጣን ሰጥቶታል። ከዚህም የተነሣ ያው አንድ ደንብ በልዩ ልዩ የፖሊስ ኮሚሽኖች ፤ በልዩ ልዩ አለቆችና በልዩ ልዩ መዝገቦች ይፈጸማል። በአዲስ አበባም ከፖሊሱ በተጨማሪ የከተማው የትራፊክ ማኔጅመንት መሥሪያ ቤት የራሱን ተቈጣጣሪዎች አሰማርቷል። እንግዲህ ሕጉ አንድ አፍ አለው ፤ እጆቹ ግን ብዙ ናቸው ማለት ነው። ይህ በራሱ ክፋት አይደለም። ክፋት የሚሆነው አፉ የተናገረውን እጆቹ በየፊናቸው ሲተረጕሙት ነው።

ነገሩ ይበልጥ እንዲገለጽ ከአንድ ሠፈር ተነሥተን መንገድ እንሂድ። በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ፤ በየካ ክፍለ ከተማ ያለው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ስሙን ያገኘው ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በዚያ ከሰፈረው የፈረንሳይ መልእክተኛ ቤት ነው። ለጋሲዮኑ ወደ ኤምባሲነት ከፍ ካለ ብዙ ዘመን ቢሆነውም ፤ ሕዝቡ የቀድሞውን ስም አልለወጠውም ፤ የታክሲ ረዳቶችም በአራት ኪሎና በፒያሳ ቆመው «ፈረንሳይ! ፈረንሳይ!» እያሉ ሲጣሩ ይሰማሉ። ከዚህ ሠፈር የተነሣ አንድ ነጂ ወደ ደብረ ብርሃን ለመሄድ ሲፈልግ በቀበናና በእንግሊዝ ኤምባሲ አድርጎ ወደ መገናኛ ይወርዳል ፤ ከዚያም በኮተቤና በካራ በኩል ከከተማው ይወጣል። ካራን እንዳለፈ ለገጣፎ ነው ፤ ይህም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ውስጥ የተጠቃለለ የኦሮሚያ ክልል ሥፍራ ነው። ሰንዳፋን ፤ አለልቱንና ሸኖን ካለፈ በኋላ ወደ አማራ ክልል ይገባና በጫጫ አድርጎ ደብረ ብርሃን ይደርሳል።

ይህ ሁሉ መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አገር ሰላም ሲሆን ጧት የተነሣ ሰው ከቀትር በፊት የሚደርስበት ነው። በዚህ አጭር ጉዞ ግን ነጂው የአዲስ አበባን ፤ የኦሮሚያንና የአማራን ፖሊሶች አከታትሎ ያያል። በኪሱ የያዘው መንጃ ፈቃድ አንድ ነው ፤ ሊብሬውም ፤ ቦሎውም አንድ ነው። ሕጉም አንድ ነው። እንግዲያውስ በአንዱ ሥፍራ «ሁለተኛ እንዳትደግመው» ተብሎ የሚታለፈው ጥፋት በሌላው ሥፍራ የክስ ወረቀት ፤ በሦስተኛው ሥፍራ ደግሞ መንጃ ፈቃድ አስይዞ ቀን የሚያስውል ነገር የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? በዚህ መንገድ የሚመላለስ ሾፌር ሁሉ የሚያነሣው ጥያቄ ይህ ነው።

በዚህ ላይ ፍርዳችን የተስተካከለ እንዲሆን ሁለት ዓይነት ልዩነት መኖሩን ለይተን ማወቅ ይገባናል። አንደኛው ተገቢ የሆነ ልዩነት ነው። አገሩ አንድ ዓይነት ስላልሆነ አደጋውም አንድ ዓይነት አይደለም። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት ነው ፤ እንጨት ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱ እናቶች ከመኪናው ጋር አንዱን መንገድ ይካፈላሉ ፤ ስለዚህ በዚያ ያለ ፖሊስ ፍሬንና የእግረኛን መሻገሪያ ቢመለከት ትክክል ነው። ከደብረ ብርሃን አልፎ በጣርማ በር ጭጋግ ውስጥ የቆመው ባልደረባው ደግሞ መብራትንና ጭነትን ቢመረምር ማንም አይነቅፈውም። አዲስ አበባ በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ሞተር ብስክሌት በከተማው እንዳይንቀሳቀስ ስታግድና በኋላም በፈቃድ ብቻ ስታደርገው ፤ ከባድ መኪናም የሚገባበትን ሰዓት ስትወስን ፤ ይህ ሁሉ የከተማው ልዩ ችግር ያመጣው ልዩ ሥርዓት ነው። ባጃጅ በባሕር ዳርና በሐዋሳ ዋና የሕዝብ ማመላለሻ ሆኖ ሲሠራ ፤ በአዲስ አበባ ግን ከዋና ዋናዎቹ መንገዶች መራቁም እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለው ልዩነት አስቀድሞ ታውጆ ፤ በምልክት ተጽፎ ፤ ለአገሬውም ለእንግዳውም እኩል ስለሚሠራ በሕግ ውስጥ ያለ ልዩነት ነው።

ሁለተኛው ግን ከሕግ ውጭ የሆነ ልዩነት ነው። ይኸውም ጥፋቱ ያው ሆኖ ሳለ ፤ የሚጻፈው አንቀጽ እንደ ጸሓፊው ስሜት ሲለዋወጥ ፤ ወይም መቀጫው እንደ ታርጋው ሲከብድና ሲቀልል ነው። በአገራችን ታርጋ ላይ አአ ፤ ኦሮ ፤ አማ ፤ ትግ የሚሉት ፊደላት ለብዙ ዓመታት ተጽፈው ኖረዋል። ፊደላቱ የተጻፉት ለመዝገብ አያያዝ እንዲመቹ ነው። ዳሩ ግን ነጂው ገና መስኮቱን ሳይከፍት ከወዴት እንደ መጣ ለፖሊሱ አስቀድመው ይናገራሉ። የአዲስ አበባው ሾፌር ክልል ገብቶ ሲቀጣ «ታርጋዬን አይቶ ነው» ይላል። የክልሉ ሾፌር ደግሞ አዲስ አበባ ገብቶ ሲቀጣ «እኔ የክፍለ አገር ሰው ስለሆንሁ ነው» ይላል። ሁለቱም በእውነት አጥፍተው ይሆናል ፤ ነገር ግን ሁለቱም ወደ ቤታቸው የሚመለሱት ተቀጣን ብለው ሳይሆን ተበደልን ብለው ነው። ቅጣት ጥፋተኛን የሚያርመው ቅጣቱን እንደ ፍርድ ሲቀበለው ነው ፤ እንደ ግብር ከቈጠረው ግን መክፈሉን እንጂ መታረሙን አይማርም።

ይህ ጥርጣሬ የእኛ አገር ሰው ብቻ የፈጠረው አይደለም። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት ፖሊስ ከተወሰነው ፍጥነት በላይ የነዳን ሰው ወይ በማስጠንቀቂያ ሊያልፈው ወይ ሊቀጣው ይችላል። ማኮቭስኪና ስትራትማን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ሊቃውንት በዚያ ግዛት የተጻፉትን የክስ ወረቀቶች መርምረው በ2009 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ያሳተሙት ጥናት ፤ የከተማው ነዋሪ ካልሆነ ነጂ ላይ መቀጫ የመጻፉ ነገር በነዋሪው ላይ ከሚሆነው የበለጠ መሆኑን አሳየ። ይልቁንም የከተማው አስተዳደር የገንዘብ ችግር ባጋጠመው ጊዜ ቅጣቱ የሚበረታ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው ፤ ነዋሪው ነገ በምርጫ ቀን ይመጣል ፤ እንግዳው ግን አይመጣም። የተማረና የበለጸገ በሚባለው አገር እንኳ የመንገድ ዳር ሥልጣን እንዲህ ወደ ገንዘብ የሚያዘነብል ከሆነ ፤ እኛም «በእኛ ዘንድ ይህ ሊሆን አይችልም» ብለን ልንተኛ አይገባንም።

የራሳችን ታሪክም በዚህ ነገር የሚያስተምረን አለው። በቀድሞው ዘመን ነጋዴ ቅጽሉን ጭኖ ከጎንደር ወይም ከጎጃም ሲነሣ በየኬላው ይቀረጥ ነበር። የአንዱ ግዛት በረኛ የወሰደው ለሌላው ግዛት በረኛ አይቈጠርለትም። ስንት እንደሚከፈልም በአብዛኛው የሚወስነው የኬላው ሹም ስለ ነበረ ፤ ነጋዴው የሚያጠናው የአገሩን ሕግ ሳይሆን የበረኛውን ጠባይ ነበር። ጉምሩኩ በማዕከላዊ መንግሥት እጅ ከገባና የየአገሩ ኬላ ከቀረ በኋላ አንድ ሸቀጥ አንድ ጊዜ ብቻ ተቀርጦ አገር ለአገር መዞር ቻለ። እንግዲህ አያቶቻችን የገላገሉንን የበቅሎ ኬላ እኛ በመኪና ዘመን በመቀጫ ወረቀት መልሰን እንዳናቋቁመው መጠንቀቅ አለብን።

ልዩነቱ ከወዴት እንደሚመነጭ ስንመረምር ሁሉን በፖሊሱ ላይ ማላከክ ከፍርድ መራቅ ይሆናል። አንደኛው ምክንያት የመሣሪያ ነገር ነው። በአዲስ አበባ የፍጥነት መለኪያ ራዳርና የነጂን ትንፋሽ መመርመሪያ ሥራ ላይ ውለዋል። ራዳር የሌለው ፖሊስ ግን ፍጥነትን የሚለካው በዓይኑ ነው ፤ ዓይን ደግሞ ይሳሳታል ፤ ይከራከሩታልም። ሁለተኛው ምክንያት የክፍያ ነገር ነው። ሾፌሩ ለመቀጫው መያዣ እንዲሆን መንጃ ፈቃዱን ይነጠቃል ፤ ገንዘቡን ከፍሎ እስኪመልስም ድረስ ይመላለሳል። ይህ ለሠፈሩ ሰው የግማሽ ቀን ነገር ነው ፤ ከሩቅ ለመጣው ግን ቅዳሜና እሑድ ከገቡበት የሁለትና የሦስት ቀን እንጀራ ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ እኩል የሆነው መቀጫ በኪስ ላይ እኩል አይደለም። በከተማችን መቀጫን በቴሌብር መክፈል ከተጀመረ ወዲህ ይህ ችግር ሊወገድ እንደሚችል ታይቷል ፤ የሚቀረው መፍትሔውን ከካራ ወዲያ ማሻገር ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው ምክንያት ግን ቀን የማስዋሉ ሥልጣን የሚወልደው ፈተና ነው። ጊዜ የሌለው እንግዳና ጊዜ ያለው ተቈጣጣሪ በመንገድ ዳር ሲገናኙ ፤ «ጌታዬ እባክዎ መንገደኛ ነኝ» ከሚለው ልመና እስከ እጅ መንሻው ድረስ ያለው መንገድ አጭር ነው። ሾፌሩ ሕጉ ከሚለው ያነሰ ከፍሎ በቶሎ መሄድን ይመርጣል ፤ ደረሰኝም አይጠይቅም። በዚህ ጊዜ የሚጠፋው የመንግሥት ገንዘብ ብቻ አይደለም። የጥፋቱ ነጥብም ሳይመዘገብ ይቀራል ፤ ያ ነጂ አሥር ጊዜ ቢያጠፋ እንኳ በመዝገብ ላይ ንጹሕ ሰው ሆኖ ይኖራል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለውን የቆየ ተረት እንደ ብልኀት የሚቈጥሩ ሰዎች ይህን ቢያስቡት መልካም ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚመጣው ውጤት ምንድን ነው? ነጂው ሕጉን ትቶ ሰውየውን መፍራት ይለምዳል። የት ቦታ ላይ ፖሊስ እንደሚቆም ፤ በስንት ሰዓት እንደሚለቅ ፤ የትኛው ጨካኝ ፤ የትኛው አዛኝ እንደ ሆነ ጠንቅቆ ያውቃል ፤ ደንቡ ግን ምን እንደሚል ቢጠየቅ አይመልስም። ከፊት የሚመጣ መኪና መብራቱን ብልጭ ድርግም ሲያደርግለት «ትራፊክ አለ» ማለት መሆኑን ተረድቶ ፍጥነቱን ይቀንሳል ፤ እንዳለፈም መልሶ ይጨምራል። ይህ ትምህርት ከሾፌሩ አልፎ ወደ ተሳፋሪውም ደርሷል። በምሽት ወደ ፈረንሳይ የሚወጣ ታክሲ ትርፍ ሰው ጭኖ ሳለ ረዳቱ «ጐንበስ በሉ!» ሲል ፤ ደብተር የያዘው ተማሪና ክራባት ያሰረው ሠራተኛ ባንድነት አንገታቸውን ይደፋሉ። «እንደ ንጉሡ አጐንብሱ» የተባለው በታክሲ ውስጥ ተፈጸመ ማለት ነው። ዳገቱ ላይ ፍሬን ቢበጠስ ግን ማጐንበስ አያድንም።

ጉዳዩ ቀልድ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2016 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በኢትዮጵያ በመኪና አደጋ የሚሞተው ሰው ከየ100,000 ነዋሪ 26.7 ያህል እንደሚሆን ገምቷል። በጀርመን አገር ይኸው ቍጥር 4 ገደማ ነበር። በፖሊስ መዝገብ የገባውን ብቻ ብንቈጥር እንኳ በዚያው ጊዜ በአገራችን በዓመት ከ4,000 በላይ ነፍስ ይጠፋ ነበር። በአዲስ አበባ ደግሞ ከሚሞቱት አብዛኞቹ መኪና ኖሯቸው የማያውቁ እግረኞች ናቸው። እንግዲህ «እኔን ምን አገባኝ?» ላለው ተማሪ መልሱ ይኸው ነው ፤ በመቀጫው ክርክር ውስጥ ሾፌሩ ብሩን ያጣል ፤ እግረኛው ግን የሚያጣው ሕይወቱን ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንዳንዱ «መድኀኒቱ መቀጫውን ማክበድ ነው» ይላል። መቀጫ ቀላል ሆኖ መሳቂያ እንዳይሆን ከጊዜው ጋር ማስተካከል ተገቢ ነው። ነገር ግን ክብደት ብቻውን ሥራ እንደማይሠራ ከራሳችን ታሪክ እናውቃለን። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ በየካቲት ወር 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሊጠብቅ ሲል ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ ፤ ባለሥልጣኖቹም አፈጻጸሙን ለሌላ ጊዜ አስተላለፉት። አምስት ዓመት ሙሉ በወረቀት ላይ የተኛ ሕግ አንድ ቀን ድንገት ሲነሣ ለሕዝቡ እንደ አዲስ ጠላት ይታየዋል። ቀስ በቀስ ፤ ሳይቋረጥና ለሁሉ እኩል ሲፈጸም ቢኖር ኖሮ ግን ማንም እንደ ድንገተኛ ነገር አይቈጥረውም ነበር።

ኤምባሲዎች ለበዙባት ከተማችን የሚስማማ ሌላ ምሳሌም አለ። በ1961 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተፈረመው የቪየና ስምምነት ዲፕሎማቶች የሚኖሩበትን አገር ሕግ እንዲያከብሩ ያዛል ፤ ነገር ግን እንዳይከሰሱ ይጠብቃቸዋል። ፊስማንና ሚጌል የተባሉ ሊቃውንት እንደ ጻፉት ፤ ከ1997 እስከ 2002 በኒውዮርክ ያሉ የተባበሩት መንግሥታት ዲፕሎማቶች መኪና በተከለከለ ቦታ በማቆም ያከማቹት ያልተከፈለ የክስ ወረቀት ከ150,000 በላይ ነበር ፤ ገንዘቡም ከ18 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። በ2002 መጨረሻ ከተማይቱ ዕዳቸውን ያልከፈሉትን መኪናዎች የዲፕሎማት ታርጋ መንሣት ስትጀምር ጥፋቱ ከመቶ 98 እጅ ያህል ወደቀ። የመቀጫው ልክ ስላደገ አልነበረም ፤ የማይቀር መሆኑ ስለ ታወቀ ነው። ክቡራኑ መልእክተኞች እንኳ በማይቀር ሕግ ከታረሙ ፤ የፈረንሳይ ታክሲ ነጂ ለምን አይታረምም?

ሁለተኛው ተቃውሞ «ክልል የራሱ ሥልጣን አለው ፤ ፖሊሱም አገሩን ስለሚያውቅ እንደ ሁኔታው ይማር ፤ ይቅጣ» የሚለው ነው። ምሕረት መልካም ነገር ነው። ሆኖም ሥርዓት የሌለው ምሕረት ለሚያውቁት ሰው ብቻ የሚደረግ ውለታ ይሆናል። የክልልን ሥልጣን በተመለከተም ጀርመንን እንመልከት። ጀርመን እንደ እኛ ፌዴራላዊ አገር ናት ፤ ፖሊሷም የየክልሉ ነው። ነገር ግን የመቀጫው ዝርዝር ለመላው አገር አንድ ነው። የነጂዎችም የጥፋት መዝገብ ፍሌንስቡርግ በምትባል በሰሜን ጫፍ ባለች ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ይጠበቃል ፤ የነጥቡ ሥርዓት በ1974 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ተጀመረ። የባቫርያ ፖሊስ የባቫርያ ፖሊስ ሆኖ ይኖራል ፤ የጻፈው ወረቀት ግን በሐምቡርግም ይታወቃል። እንግዲህ የክልል ሥልጣንና የመዝገብ አንድነት አይጣሉም።

ደግሞስ እኛ በመንገድ ነገር አንድ ሆነን አናውቅምን? ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በግራ መንዳትን ትታ ወደ ቀኝ ስትዛወር ፤ አሥመራም ጎሬም አዲስ አበባም በዚያው በአንድ ቀን ተዛወሩ። አንዱ ጠቅላይ ግዛት በግራ ፤ ሌላው በቀኝ እንዲነዳ ቢፈቀድ ኖሮ በድንበሩ ላይ መኪና ከመኪና ጋር ይጋጭ እንደ ነበር ለማንም ግልጽ ነው። የመቀጫ መለያየት እንደዚያ በዓይን የሚታይ ግጭት አያመጣም ፤ የሚያጋጨው ዜጋን ከሕግ ጋር ነው። ግጭቱ ድምፅ ስለሌለው ብቻ እንደሌለ ልንቈጥረው አይገባም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከሁሉ አስቀድሞ የክስ ወረቀት በደረሰበት ሁሉ አንድ ዓይነት መልክ ይኑረው ፤ የተጣሰው አንቀጽ ፤ ቦታው ፤ ሰዓቱና ፤ ፍጥነት ከሆነ የተለካበት መንገድ ይጻፍበት። ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ማለፍም ከተፈቀደ ማስጠንቀቂያው ራሱ ይመዝገብ ፤ ያን ጊዜ ምሕረት ለማን እንደሚሰጥ ይታወቃል። የነጂው የጥፋት መዝገብ ለመላው አገር አንድ ሆኖ ፤ በጫጫ የተቀጣ ሰው በፈረንሳይ ለጋሲዮን ተቀምጦ መክፈል ፤ አልበደልሁም ካለም አቤቱታውን በጽሑፍ ማቅረብ ይቻለው። የተቈጣጣሪ ትጋት በሰበሰበው ብር ሳይሆን በሚጠብቀው መንገድ ላይ በቀነሰው አደጋ ይመዘን። በመጨረሻም በየዓመቱ በየክልሉ ስንት ክስ እንደ ተጻፈ ፤ በምን ጥፋት እንደ ተጻፈና ለነዋሪው ስንት ለመንገደኛው ስንት እንደ ደረሰ ለሕዝብ ይገለጽ። ሐሜት የሚሞተው በዝምታ ሳይሆን በቍጥር ነው። ሐሜቱ ሐሰት ከሆነ ፖሊሱ ስሙ ይነጻል ፤ እውነት ከሆነም ጥፋቱ ይታረማል።

ይህን የምጽፈው በተለይ ለወጣቶች ነው። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ የምትቀመጡትና በየመሥሪያ ቤቱ ፋይል የምትይዙት ነገ ደንብ የምታረቅቁ ፤ አቤቱታ የምትሰሙና የመዝገቡን ሥርዓት የምትዘረጉ እናንተ ናችሁ። ባለጉዳይ ሲቀርብላችሁ «ከወዴት ነህ?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ከመጠየቅ ይልቅ «ጉዳይዎ ምንድን ነው?» ማለትን ልመዱ። በታክሲም ተሳፍራችሁ «ጐንበስ በሉ» ስትባሉ ፤ ባለማጐንበስና ከትርፍ ተሳፋሪነት በመውረድ የሕግን ትምህርት መጀመር ትችላላችሁ። ሕግ እኩል እንዲፈጸም የሚፈልግ ሰው እርሱን በሚጠቅምበት ቀን ብቻ እንዲላላ መለመን አይገባውም።

በአገራችን የቆየ አንድ ታላቅ ቃል አለ። በጠብ መካከል ማንም መንገደኛ ፤ ሹመት የሌለው ቢሆን እንኳ ፤ «በሕግ አምላክ!» ሲል የተጣላው ሰው በቆመበት ይቆም ነበር። የሚቆመው ተናጋሪውን ፈርቶ አልነበረም ፤ የአገሩን ሰውነትና እንግድነቱንም አይጠይቅም ፤ ቃሉ በጎንደርም በሸዋም በወሎም እኩል ይከበር ስለ ነበረ ነው። ያን ቃል የሚያስከብር ዱላም ራዳርም አልነበረም። ጉልበቱ ሁሉ በእኩልነቱ ነበር። የዛሬው የትራፊክ ፖሊስ እጁን አንሥቶ መኪና ሲያስቆም ፤ ነጂው ያንኑ የቀድሞ ድምፅ በእጁ ምልክት ውስጥ የሚሰማ ከሆነ ፤ ከፈረንሳይ ዳገት እስከ ጣርማ በር ድረስ መንገዳችን አንድ ይሆናል።